በደመና ቀን የተሰመረ መስመር

አባቴን እንድሰልል ስላክ የወተት ጥርሴን ነቅዬ አልጨረስኩም ነበር። የላከችኝ እናቴ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ፀጉሬን እያበጠረችልኝ፣ ማበጠሪያው ቋጠሮ ላይ ሲይዝ እኔ "ዋይ!" ስል፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለችና "ከዛሬ ጀምሮ ከአባትሽ ጋር ትሄጃለሽ" አለችኝ።

"የት?"

"እዚያ ግድግዳቸው ጋ ነዋ። ማን ከማን ጋር እንደሚቆም፣ ማን እንደሚስቅ፣ ማን ለማን ሻይ እንደሚቀዳ፣ ሁሉንም ልብ ብለሽ ታዪልኛለሽ። ስትመለሺ ትነግሪኛለሽ። ለሱ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።"

ትንፍሽ አላልኩም። እንዲያውም ሥራው ተስማማኝ። ዛሬ የምተዳደረው በመድን ድርጅት መርማሪነት ነው። ሰው "ሱቄ ተቃጠለ" ብሎ እያለቀሰ ሲመጣ፣ እኔ መጀመሪያ የማስበው ክብሪቱ ማን ኪስ ውስጥ እንደነበረ ነው። ባልደረቦቼ "አንቺ እኮ እናትሽንም አታምኚም" እያሉ ይቀልዱብኛል። በዚያ ዕድሜዬ ያመንኳት ሰው ብትኖር እሷ ብቻ ነበረች።

አባቴ ሰሌዳ ጻፊ ነበር። የሱቅ፣ የፀጉር ቤት፣ የጋራዥ ስም በዘይት ቀለም ይጽፋል፤ ከጥፍሩ ሥር ቀይ ወይም ሰማያዊ ጠፍቶ አያውቅም። ዝምተኛ ነው። እናቴ "ቃሉን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጨርሶት ይመጣል" እያለች ታማዋለች። አንድ ቀን ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር "ግድግዳ ላይ ቁጥር ጻፍልኝ" ብለው መጡ። የምን ቁጥር ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ስለ ፀሐይ ሰዓት ነገሩት። አለቀለት። ከዚያ ወዲህ ከቤታችን ሹካ ጠፋ ማለት፣ የሆነ ቦታ መሬት ላይ ተተክሎ ጥላው እየተለካ ነው ማለት ነበር።

መምህሩን ሁሉም ሰው በሌሉበት "ቱምቢ" ይላቸዋል። ግንበኞች የግድግዳ ቀጥታ የሚያዩበት ያ በክር የሚንጠለጠል ብረት ከኪሳቸው አይለይም፤ ሲቆሙም ልክ እንደሱ ናቸው፣ ንፋስ ካልነካቸው አይነቃነቁም። በዚህች የፀሐይ ሰዓት ማኅበራቸው ውስጥ ከሳቸው ሌላ አንድ በያጅ አለ፤ ዘንጎቹን የሚሠራው እሱ ነው፤ ዳቦ ሲያገኝ ይበላል፣ ሳያገኝ ይተኛል። የቀረችው ፋርማሲስቷ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ የሚደርስ፣ ጥርሰ ፍንጭት ሴት። ስትስቅ ራሷን ወደ ኋላ ትጥላለች። ገና እንዳየኋት "ይቺ ናት" አልኩ በሆዴ።

የፀሐይ ሰዓቱን የሚሠሩት ዳቦ ቤት ጓሮ ባለ ግድግዳ ላይ ነበር። ግድግዳው ከውስጥ በምድጃ፣ ከውጭ በፀሐይ ስለሚሞቅ የሰፈሩ ድመቶች ሁሉ ሥሩ ተጋድመው ይውላሉ። ግቢው የትኩስ ዳቦና የተቃጠለ ዱቄት ሽታ አለው። በያጁ ግድግዳው ላይ የብረት ዘንግ ተክሏል፣ ቀጥ ያለ ሳይሆን ወደ ታች ያዘነበለ። ቱምቢ ጠዋት ጠዋት ከሬዲዮ ጋር የሚያስማሙትን የኪስ ሰዓት ይዘው ይቆማሉ፤ ሰዓቱ ሲሞላ "አሁን!" ይላሉ፤ አባቴ የዘንጉን ጥላ ተከትሎ በጠመኔ ያሰምራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከዚያ ሻይ እየተጠጣ እስከሚቀጥለው "አሁን!" ይጠበቃል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ያንኑ መስመር መልሰው ያዩታል።

"አንድ ጣት ወደ ግራ ሸሽታለች" ይላል አባቴ።

"ፀሐይ አትሸሽም፣ አንተ ነህ አጣመህ ያሰመርከው" ይላሉ ቱምቢ።

"የርስዎ ሰዓት ቀድሞ ቢሆንስ?"

"የኔ ሰዓት!" ይሉና ቱምቢ ፊታቸው ይቀላል። በያጁ ይስቃል፣ ፋርማሲስቷ ሻይ ትቀዳለች። ትልልቅ ሰዎች፣ ሥራ ያላቸው ሰዎች፣ ለአንድ ጣት ጥላ ሲጨቃጨቁ መዋላቸው እንዴት ይታመናል? እኔ አላመንኩም። ጥላው ሰበብ እንደሆነ፣ ከጥላው ጀርባ ሌላ ነገር እንዳለ እርግጠኛ ነበርኩ።

መጀመሪያ ያቀበልኩት ወሬ ስለ መሐረብ ነበር። አባቴ አንጋጦ ሲያሰምር የጠመኔ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ወረደ፤ ፋርማሲስቷ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ጠረገችለት። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳህን እያጠበች ነበር።

"በየትኛው እጇ?" አለችኝ።

"በቀኟ።"

"እሱስ?"

"ዓይኑን ጨፈነ።"

እናቴ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ፤ "ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጣጥረዋል? ከጠዋት እስከ መቼ?" እኔ እንደ ጥሩ አዛዥ ቆጠርኳት፤ የጠላትን መምጫና መሄጃ የምታጠና።

በኋላ፣ እኔ ራሴ ልጅ ወልጄ ሳለሁ፣ "እውነት በፋርማሲስቷ ትቀኚ ነበር ወይስ እኔን ከቤት ለማስወጣት ነው?" ብዬ ጠይቄያት ነበር። "ሁለቱም" አለችኝ ምንም ሳታፍር። "ሰው የራሱን ሲደብቅ የሌላውም የተደበቀ ይመስለዋል።" ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለካ እናቴን አይቶ ነው።

የማኅበሩ ሕግ አንዲት ብቻ ነበረች። ደመና መጥቶ ጥላ ከጠፋ አንድ ብርጭቆ ሻይ ይጠጣል፤ ሻዩ እስኪያልቅ ፀሐይ ካልተመለሰች ዕቃ ይሰበሰባል፣ ሁሉም ወደየቤቱ። ይህን ሕግ እኛ ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እናቴ ግን ልብ ያላለችው ይመስለኛል። ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ደመና አባሮን ሳይታሰብ ቤት ስንደርስ፣ በሩን የከፈተችልን ብዙ ቆይታ ነው፤ ፊቷ አመድ መስሎ።

"ምነው? ምን ሆናችሁ?"

"ደመና መጣ" አለ አባቴ።

"ደመና?" አለች፣ ቃሉን ገና ዛሬ የሰማችው ይመስል።

የጓሮው በር ገርበብ ብሎ ይወዛወዛል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሻይ ብርጭቆዎች አሉ፤ አንደኛው ታች ያልሟሟ ስኳር ቀርቶበታል። እናቴ ሻይ በስኳር አትወድም። "ጎረቤት መጥታ ነበር" አለች ማንም ሳይጠይቃት። እኔ እሷን አይደለም ያየሁት፤ አባቴን ነው ያየሁት፣ ከሸሚዙ ላይ ሽቶ ይሸት እንደሆነ ጠጋ ብዬ። እንዲህ ነበር የኔ ስለላ። በጓሮው በር የወጣችውን ሰው ዛሬ በደንብ አውቃታለሁ፤ አሁንም ሻይዋን ስትጠጣ ከስኳሩ ግማሹን ብርጭቆው ውስጥ ትተዋለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ሰማይ ተመልካች ሆነች። ቅዳሜ ጠዋት ልብስ የምታሰጣ መስላ ግቢ መሐል ቆማ ታንጋጥጣለች። "ዛሬ ይጠቁር ይሆን እንዴ?" ትላለች አባቴን። የዋሁ አባቴ ደስ አለው። ሚስቱ በመጨረሻ የፀሐይ ሰዓት የገባት መስሎት ስለ ደመና ዓይነት፣ ስለ ንፋስ አቅጣጫ ያስረዳታል። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል ትሰማዋለች። በትዳራቸው ውስጥ ያን ያህል ያወሩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ አባቴ ቁጥር የሚጽፍበትን ቀጭኑን ብሩሽ ቤት ረስቶት መጣ። "እዚሁ ጠብቂኝ፣ ሮጥ ብዬ አምጥቼ መጣሁ" ብሎኝ ሄደ። በያጁ ትኩስ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ፤ የዱቄት ጆንያዎቹ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

አባቴ የተመለሰው ብሩሹን ሳይዝ ነበር። በግቢው በር ገባ፣ ማንንም ሳያይ ሄዶ ከጆንያዎቹ ማዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቱምቢ "ብሩሹስ?" አሉት። ፋርማሲስቷ ውሃ ይዛ ሄደችና አጠገቡ ቁጢጥ አለች። እኔ ጆሮዬን ቀስሬ በጆንያዎቹ መሐል አጮለቅሁ። መጀመሪያ ያንሾካሸኩትን አልሰማሁትም። ከዚያ እሷ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

"ንገራት! እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይኖርም።"

"አልችልም።"

"ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?"

"እኔ እንጃ። ዛሬ ወደዚያ ቤት ባልመለስ ደስ ይለኛል።"

"ልጅህስ?"

"እሷ ምንም አታውቅም። እንድታውቅም አልፈልግም።"

ሴትዮዋ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። አባቴ ፊቱን በቀለማም እጆቹ ሸፈነ። ነገሩ ከዚህ በላይ ግልጽ ሊሆንልኝ አይችልም ነበር። አባቴ ጥሎን ሊሄድ ነው፤ የቀረው ለእናቴ መንገሩ ብቻ ነው፤ ለሱም ወኔ አጥቷል።

አባቴ በዚያ ቀን ያየውን የነገረኝ ካረጀ በኋላ ነው፤ ዓይኑ ደክሞ፣ ብሩሽ ካስቀመጠ ስንት ዓመቱ። በመንገዱ ማዶ ሳለ በመስኮቱ በኩል ወደ ቤታችን አየ። እናቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እግሯ ሥር አንዲት ረጅም ወጣት ሴት ተቀምጣ እናቴ ፀጉሯን ትጎነጉንላታለች። ወጣቷ የሆነ ነገር ልትል ቀና ስትል አባቴ የእናቴን ግንባር፣ የእናቴን አገጭ፣ የእናቴን አፍ አየ። "የሰው ስም በሰሌዳ ላይ ተሳስቼ ሁለት ጊዜ አልጽፍም" አለኝ። "ፊደል አያመልጠኝም። መልክም አያመልጠኝም።"

እናቴ ገና ልጅ ሳለች ወልዳት ነበር። ቤተሰቦቿ ሕፃኗን ሩቅ ከተማ ላለ አጎቷ ሰጡ፤ እናቴንም ምንም እንዳልሆነ አድርገው ዳሩ። ልጅቷ አድጋ በዚያ ዓመት ወደ እኛ ከተማ መጣች፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥራ። የሥራ ዕረፍቷ ቅዳሜ ነበር። እናቴ ለአባቴ ልትነግረው አፏን በከፈተች ቁጥር ያ ሁሉ የዋሸችበት ዓመት ይታያታል። ካወቀ ጥሎኝ ይሄዳል ብላ ነበር የምታምነው። እንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር እኔም እናቴም አንድ ነገር ነበር የምንፈራው፤ ምክንያታችን ለየቅል ቢሆንም።

አባቴን ቅዱስ አላደርገውም። በዚያ ሳምንት ምግብ አልቀመሰም፣ አንድ ብርጭቆ ግድግዳ ላይ ወርውሮ ሰብሯል፣ እናቴ "ምን ነካህ?" ስትለው "የቀለሙ ሽታ ነው ራሴን ያዞረኝ" ብሏታል። እውነት ጥሎ መሄድ አስቦ ነበር፤ ይህንንም አልደበቀኝም። ግን ቀን በገፋ ቁጥር በመስኮቱ ያየው ነገር እየጎላበት መጣ። "እናትሽ እኔ ፊት እንዲያ ተዝናንታ ተቀምጣ አታውቅም" አለኝ። "ብገባ ያ ነገር ያልቃል። ስለዚህ አልገባሁም።"

እኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ! የሰማሁትን ለእናቴ አልነገርኳትም። ከነገርኳት እውነት የሚሆን፣ ካልነገርኳት የሚቀር መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማቀብላት ወሬ ሁሉ እርባና የሌለው ሆነ። በያጁ ዳቦ በላ፣ ድመቷ ወለደች፣ ቱምቢ ተቆጡ።

የደመና ወራት ገባ። በመጀመሪያው ጥቁር ቅዳሜ ሻዩ ተጠጥቶ ሲያልቅ በያጁ እንደ ሕጉ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

"ትንሽ እንቆይ" አለ አባቴ።

"ጥላ የለም እኮ" አሉ ቱምቢ። "ምን ልናይ ነው የምንቆየው?"

"እንቆይ፣ መምህር" አለች ፋርማሲስቷ። "ሻይ ሞልቷል።" ቱምቢ እሷን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ ከዚያ በግቢው ጥግ ወዳለው የቆርቆሮ መጠለያ ገብተው ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው እንዲያ ሆነ። ፀሐይ ኖረም አልኖረም እንቆያለን። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እነሱ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ፣ አባቴ የኛ ቤት ባለበት በኩል አንጋጦ ያያል። እኔ ደሜ ይፈላል። የፀሐይ ሰዓት ያለ ፀሐይ ምን ያደርጋል? እንግዲህ ሰበቡ ራሱ አለቀ፤ ነገሩ ያለ ሐፍረት የአደባባይ ሆነ። ፋርማሲስቷ እኔን ለማባበል የጉሮሮ ከረሜላ ታመጣልኛለች። እበላውና፣ ከበላሁት በኋላ መርዝ ይሆናል ብዬ እስክንመለስ ምላሴን እያወጣሁ በአንድ የቆርቆሮ ሳህን ላይ እንደ መስታወት አያለሁ።

ቱምቢ ቦዝኖ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው እኔን ማስተማር ጀመሩ። ክር አውጥተው አንዱን ጫፍ የዘንጉ ሥር ላይ፣ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ላይ ያዙ። ሌላውን ጫፍ ለኔ ሰጡኝ።

"በይ መስመሩ ላይ ዘርጊው። አየሽ? ልክ ይገጥማል። ሌላውም ላይ። ይገጥማል። እውነተኛ የሰዓት መስመር ሁሉ፣ የጠዋቱም የማታውም፣ ከዘንጉ ሥር ነው የሚነሳው። ከዚያ ካልተነሳ ፀሐይ አላሰመረችውም ማለት ነው፣ ሰው ነው ያሰመረው።"

ክሩን ሸለሙኝ። ለካ ለእኔ ዓይነቷ ተጠራጣሪ የሚሰጥ ዕቃ አልነበረም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ድፍን ያለ ነበር። የሻዩን ብርጭቆዎች ላለቅልቅ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄድኩ። ስመለስ አባቴ ጠመኔ ይዞ ግድግዳው ጋ ቆሟል። ከከሰዓት በኋላዎቹ መስመሮች መሐል ገና ያልተሰመረ አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር። አሁን እዚያ አዲስ ነጭ መስመር አለ።

"አመለጠሽ" አለኝ። ፈገግ ሊል እየሞከረ ነው። "አሁን ብቅ ብላ ገባች። ያዝናት።"

ሰማዩን አየሁ፣ መሬቱን አየሁ። ከዚያ ቱምቢን አየሁ። ለአንድ ጣት ስህተት ደማቸው የሚፈላው ሰውዬ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ድመት የሚቆጥሩ ይመስል አንገታቸውን ደፍተዋል። ቱምቢ በሐሰተኛ መስመር ፊት ዝም ካሉ ነገር አለ። እነሱ ዕቃ ሲሰበስቡ የሸለሙኝን ክር አወጣሁና የዘንጉ ሥር ላይ አስይዤ ዘረጋሁት። አልገጠመም። መስመሩ ከዘንጉ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ነው የሚያልፈው። እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆን፣ ቸኩሎ ይሆን፣ አላውቅም። አባቴ ጥላ በሌለበት ጥላ አሰምሯል።

ለኔ ብሎ ነበር። እሱ የኔን ስለላ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ቤት ገብቼ "ዛሬም ሲሠሩ ዋሉ፣ አዲስ መስመር አሰመሩ" እንድል ነው የፈለገው። እናቴ ሠርተው ዋሉ ብላ ታምናለች፤ ባሏ አውቆብኝ ይሆን ብላ አትሰጋም።

እኔ ግን መያዝ አቃተኝ። ቤት እንደገባን አባቴ ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲወጣ፣ እናቴን አተር የምትፈለፍልበት ጠረጴዛ ላይ አገኘኋትና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ሐሰተኛው መስመር፣ ክሩ፣ ቱምቢ ጀርባቸውን ማዞራቸው።

"ጥላ ሳይኖር?" አለች።

"ምንም ጥላ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ዳምኖ ነው የዋለው።"

"አባትሽ ፀሐይዋ ብቅ ጥልቅ እያለች ዋለች ይለኛል እኮ። ያለፈው ቅዳሜስ?"

"ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ሥር ቁጭ ብለን ነው የዋልነው። ከዚያ በፊትም እንደዚያው። አባዬ ነው ሁልጊዜ 'ትንሽ እንቆይ' የሚለው። ሕጉን እሱ ነው ያፈረሰው።"

የእናቴ እጅ አተሩ ላይ ቆመ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ብሩሽ ረስቶ ሊያመጣ ከመጣ ጀምሮ።"

"መች ነው ብሩሽ ሊወስድ የመጣው? መጥቶም አያውቅ።"

"መጥቷል! ግን ሳይዝ ተመለሰ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ሸፈነ።"

የእናቴ ዓይን ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከመስኮቱ ወደ መንገዱ ማዶ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ አላበሰችውም። ገደልኳት ብዬ አሰብኩ። ባሏ ከሌላ ሴት ጋር መሆኑን በኔ አፍ ሰማች፣ አበቃ፣ ቤታችን ፈረሰ። አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ማልቀስ ጀመርኩ።

"አታልቅሺ" አለችኝ፣ ፀጉሬን እየደባበሰች። "ደግ አድርገሽ ነው የነገርሽኝ።"

በኋላ እንደነገረችኝ፣ በእነዚያ ደመናማ ቅዳሜዎች ሁሉ፣ ገና ሰማዩ ሲጠቁር ልጇን ጉርሻዋን ሳትጨርስ በጓሮ በር ታስወጣት ነበር፤ እነሱ ቶሎ ይመጣሉ ብላ። ከዚያ ብርጭቆ አጥባ፣ ብቻዋን ተቀምጣ ትጠብቀናለች። እኛ አንመጣም። አባቴ በዝናብ ቆይቶ የሰጣትን ጊዜ እሷ በፍርሃት ባዶ ቤት ውስጥ ታሳልፈው ነበር።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ሰማዩ ጠራ። አንዲት ብጣሽ ደመና እንኳ የለም። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ አባቴ ቁርስ አይበላም ነበር። ቦርሳውን አንግቶ በሩ ጋ ሲደርስ እናቴ "ዛሬ አትሂድ" አለችው።

"ፀሐይ እኮ ናት" አላት።

"አውቃለሁ። ቤት ዋል።"

ተያዩ። አባቴ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ እኔን አጠገቡ አስቀመጠኝና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። እናቴ አራት ብርጭቆ ደረደረች። እሷ ግን አልተቀመጠችም፤ ትቆማለች፣ ጠረጴዛውን ትወለውላለች፣ እንደገና ትወለውላለች። አራተኛው ብርጭቆ የማን እንደሆነ እኔ አላጣሁትም። እናቴ ፋርማሲስቷን ጠርታታለች። ዛሬ ፊት ለፊት ተነጋግረው ይለያያሉ፣ ከዚያ አባቴ ያን ቦርሳ አንስቶ ይወጣል።

በሩ ተንኳኳ። የፊት ለፊቱ በር ነበር። እናቴ ሄዳ ከፈተች። የቆመችው ፋርማሲስቷ አይደለችም፤ የማላውቃት ረጅም ወጣት ናት፣ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር የያዘች። በእናቴ ትከሻ ላይ አሻግራ አባቴን ስታየው ክው አለች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰች።

"ይቅርታ፣ ቤት ተሳስቼ ነው" አለች።

አባቴ ብድግ አለ። "አልተሳሳትሽም" አላት። "ግቢ።"

ገባች። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጥቅሉን እንዳቀፈች። እናቴ ሻይ ስትቀዳ የማንቆርቆሪያው አፍ ብርጭቆውን እየመታ ይንቃጨላል። ይቺ ደግሞ ማን ናት? ፋርማሲስቷ መልእክተኛ ልካ ይሆን?

"አባዬ" አልኩ፣ "ጥለኸን ልትሄድ ነው?"

"ማን ጋ ነው የምሄደው?"

"ፋርማሲስቷ ጋ።"

እናቴ ስትስቅ መጀመሪያ ትንፋሿ ይቆማል፤ ከዚያ ማስነጠስ የመሰለ ድምፅ በአፍንጫዋ ያመልጣታል፤ ከዚያ አፏን በእጇ ጀርባ ትይዛለች። እያለቀሰች ነበር፣ ግን ልክ እንዲያ ሳቀች። ከጠረጴዛው ማዶ እንግዳዋም ትንፋሿ ቆመ፣ በአፍንጫዋ ድምፅ አመለጣት፣ አፏን በእጇ ጀርባ ያዘች። አንዷን አየሁ፣ ሌላዋን አየሁ። እንዲህ የሚስቅ ሌላ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ያን ጊዜ፣ ማንም ምንም ሳይነግረኝ፣ ከወራት ስለላ በኋላ የመጀመሪያውን እውነት ያዝኩ። ቀናሁም፤ እንዴት እንደቀናሁ!

አባቴ አልሳቀም። ጥያቄው ከባድ እንደነበረና በልቡ ሲመላለስ እንደከረመ ዛሬ አውቃለሁ።

"እኔ የትም አልሄድም" አለ።

የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። እሱ ግን ያን ሲል የሚያየው እናቴን ነበር። እናቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች፣ ወንበር ስባ፣ በልጆቿ መሐል ተቀመጠች።